ሊቀ ወልዋያን ጋሽ መስታወት

እድፍ አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። ኃላፊ የሌለው መሥሪያ ቤት አይቻለሁ፤ ሥራ የሌለው መሥሪያ ቤትማ ስንቱን! ያ ሰው የሌለበት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሻይ ልትጠጡ ስትሉ ብርጭቋችሁን ከእጃችሁ ወስዶ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና "እስቲ አንዴ" ይላል። ያቺ "አንዴ" ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ትቆያለች። የሆድ የሆዳችሁን ስታጫውቱት የሚያዳምጣችሁ ይመስላችኋል፤ እሱ ግን የኮታችሁን ቁልፍ እያየ ነው። ለአንዳንዱ ሰው ጎረቤት ሆኖ ይመጣበታል፤ ለአንዳንዱ፣ አያድርስ ነው፣ አማት ሆኖ።

የዚህ ነገድ አለቃ ለእኔ የደረሱኝ በብረት ምርምር ተቋም ውስጥ ነው። በምድር ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሃያ ስድስት ዓመት ነግሠው ኖረዋል። ሙሉ ማዕረጋቸው፣ እኛ እንደ ሾምናቸው ከሆነ፣ ሊቀ ወልዋያን ዘምድር ቤት፣ ጸረ ዝገት፣ አባ ጨርቅ ነው። ማዕረጉ ሲጠራ ምሳ ሰዓት ስለሚያልፍብን ባጭሩ ጋሽ መስታወት እንላቸው ነበር።

በመዝገብ ላይ ሥራቸው "ናሙና አዘጋጅ" ይባላል። እኛ ፎቅ ላይ ያለን ምሁራን ብረት ከብረት አቅልጠን እንቀይጣለን። ቅይጡ ይቀዘቅዝና እንደ ካፖርት ቁልፍ እየሆነ ይቆረጣል። ከዚያ በትሪ ተደርጎ ወደ ጋሽ መስታወት ይወርዳል። እሳቸው በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየሄዱ፣ ይፈትጉታል። ቀጥለው በሚሽከረከር ጨርቅ ላይ፣ ልስልስ ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ እያረጠቡ ይወለውሉታል። ማይክሮስኮፕ ጭረት ያለበት ብረት አይወድም፤ ጭረቱን ገደል አሳክሎ እያሳየ የብረቱን ጠባይ ይደብቃል። ስለዚህ ጋሽ መስታወት ያላሳለፉት ብረት የትም አይደርስም። ማሳለፉ ላይ ነበር ችግሩ።

ብረቷን ከጨርቁ ላይ ያነሳሉ። ፊታቸውን ያዩባታል። ጥርሳቸውን ያዩባታል። አፍንጫቸውን በቀኝም በግራም ይመለከቱና "ገና ነው" ብለው ይመልሷታል።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ፊቴን አየሁባት!"

"አንተ ራስህን የትም ታያለህ፤ ገና ጎልማሳ ነህ። እኔ ራሴን ካየሁባት ነው ያለቀላት።"

"ነገ ውጤት አቅርብ ተብያለሁ..."

"እድፍ እንደ እንግዳ ነው ወንድሜ። በጊዜ ካልሸኙት ባለቤት ይሆናል።"

ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። ሁለት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ያውም ምንም ሳይነኩ።

መነጽር ያለው ሰው ወደዚያ ክፍል ለመውረድ ልበ ሙሉ መሆን ነበረበት። ሰላምታው ሳያልቅ መነጽሩ ከአፍንጫው ላይ ይነሳል። አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰራችን መነጽራቸው እየተወለወለ ሳለ ስለ አሉሚኒየም ቅይጥ ጥልቅ ማብራሪያ ሰጡ፤ ሲጨርሱም በትህትና "እርስዎስ ምን ይላሉ?" ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ኮት መስቀያውን ነበር። ጋሽ መስታወት ከክፍሉ ሌላ ጥግ ሆነው "ልክ ነዎት" አሉ። ፕሮፌሰሩ በሐሳብ የተግባቡት ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ወጡ።

የዳይሬክተራችን በር ላይ ከነሐስ የተሠራ የማዕረግ ሰሌዳ ነበረ። ጋሽ መስታወት በየማለዳው ሲያልፉ ጨርቃቸውን አውጥተው ዳበስ ያደርጉታል። ዳበሳ ነው እንጂ ውልወላ አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው ያሉት። በሁለተኛው ዓመት "ዳይሬክተር" የሚለው ደበዘዘና "ዋና" ብቻ ቀረ። በአራተኛው ዓመት "ዋና"ም ሄደ። እንግዶች መጋዘኑን እያንኳኩ ሲያስቸግሩ ዳይሬክተሩ ወጥተው አዩትና ጮኹ።

"ጋሽ መስታወት! ታዲያ እኔ አሁን የት ነኝ?"

"ይኸው እዚህ ነዎታ! ፊትዎ ቁልጭ ብሎ ይታያል።"

ሰሌዳው አልተቀየረም። ከዚያ ወዲያ በሩ ፊት የቆመ ሁሉ፣ ተላላኪም ይሁን ተመራማሪ፣ ለአፍታ ራሱን ዳይሬክተር ሆኖ ያይ ነበር። ይህ ለተቋሙ ሞራል ጠቅሟል የሚሉም አሉ።

የሚዛኑ ነገር ግን አላሳቀንም። ቅይጥ የምንመዝንባቸው የነሐስ ክብደቶች ነበሩን፤ ባለ አሥር፣ ባለ ሃያ፣ ባለ ሃምሳ ግራም። የሚዛን መርማሪው በዓመቱ መጣና ባለ ሃምሳውን ሦስት ጊዜ መዝኖ ላብ አጠመቀው። "ይህ ክብደት ከስቷል" አለ። እንደ ሐኪም ነበር አነጋገሩ። ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ሰው ዞረ። ጋሽ መስታወት "ሰውም ታጥቦ ሲወጣ ቅልል ይለው የለ?" አሉ። የአራት ወር ልኬት ጣልን።

ባለቤታቸው አንድ ቀን ተቋሙ ድረስ መጡ። ጨዋ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብተው የለመኑት ልመና በተቋሙ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ "እባክዎ ጌታዬ፣ ባለቤቴን የዓመት ፈቃድ አይስጧቸው። ባለፈው ፈቃዳቸው ትልቁን ድስቴን ወንፊት አድርገውት ተመለሱ።"

እንዲህ እያልን እንስቅ ነበር። ሰው በሌላው ላይ የደረሰን ነገር እንደ ጨዋታ ያወራል፤ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ የሚቀረው ተረኛው ራሱ ሲሆን ነው። የእኔም ተራ ደረሰ።

በዚያ ዘመን የያዝኩት ሥራ ለተሰበረ አጥንት ማሰሪያ የሚሆን ቅይጥ ነበር፤ ታይታኒየምን ኒዮቢየም ከሚባል ብረት ጋር አቅልጬ የሠራሁት። ቅይጡ ጠንካራ ነው፤ ሰውነትም አይጠላውም። አጥንት ግን ልሙጥ ብረት ላይ አይይዝም፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለብረቱ ቆዳ ልናበቅልለት ፈለግን። መስታወት የመሰለውን ዲስክ በሳሳ አሲድ ውስጥ ነክረን ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን። የብረቱ ፊት ራሱን እየበላ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ጥቃቅን ቱቦዎች ያበቅላል። የአንድን ጸጉር ውፍረት ለሺህ ብትከፍሉት ከሺህ አንዱ የአንዷ ቱቦ አፍ ቢሆን ነው። ከዚያ ምድጃ ውስጥ አድሮ ይጠነክራል።

ይህ ሁሉ ለዓይን አይታይም። ለዓይን የሚታየው ያ የሚያብለጨልጭ ዲስክ አመድ ለብሶ፣ ቡናማ ሆኖ መውጣቱ ነው። መፈተኛችን ውሃ ነበረች። የተወለወለ ብረት ላይ የተንጠባጠበች ውሃ እንደ ዶቃ ትቆማለች፤ ቱቦ የበቀለበት ላይ ግን ወዲያው ተዘርግታ ትጠፋለች። ውሃ የወደደውን አጥንትም ይወደዋል ብለን ነበር።

አሥራ አራት ወር ለፋሁበት። አንዱ ሲሳካ አምስቱ ይከሽፋል። ቅይጡ እንደ ልብ የሚገኝ ስላልነበረ፣ የከሸፈው ዲስክ በትሪ ተመልሶ ይወርዳል። ጋሽ መስታወት አመዱን ጠርገው እንደገና መስታወት ያደርጉትና ይልኩልኛል። አንዳንዴ ያጉረመርሙ ነበር።

"እኔ አበራለሁ፣ እናንተ ታጠቁራላችሁ። አብረን ስንሠራ ውለን ምንም አልሠራንም ማለት ነው።"

እኛም እንስቅና ወደ ፎቅ እንወጣለን። ለምን እንደምናጠቁር ግን አንዳችንም ነግረናቸው አናውቅም።

በመጨረሻ ስድስት ዲስክ ሆነልኝ። ስድስቱንም ማድረቂያው ቁም ሣጥን ውስጥ በትሪ አስቀመጥኳቸው። ሦስት ገምጋሚዎች ሐሙስ በአራት ሰዓት ሊመጡ ነበር፤ ሥራው ይቀጥል ወይም ይዘጋ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ፎቶግራፍ አንፈልግም ብለዋል፤ ውሃዋ ስትዘረጋ በዓይናችን እንይ ነው ያሉት። አንድ ነገር ግን ዘነጋሁ። ትሪው ላይ ወረቀት አልለጠፍኩም። "የተሳካ" አላልኩም፤ "አይነካ" አላልኩም። ከሚወርዱት ትሪዎች የሚለየው ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ስከፍት ከውስጥ ስድስት ሰዎች አፈጠጡብኝ። ስድስቱም እኔ ነበርኩ። ስድስቱም አፋቸውን ከፍተዋል።

ጋሽ መስታወት ከኋላዬ ቆመው ነበር። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል፤ ፈገግታቸው አፋቸው ላይ አልበቃ ብሎ ጆሯቸው ደርሷል።

"እንዴት ነው? እንግዳ ሊመጣብህ ነው፣ አንተ ደግሞ እድፍ እንደ ተሸከመ ረስተኸዋል ብዬ... ቅዳሜና እሁድን መጥቼ ነው። እንዲህ ወልውዬ አላውቅም።"

"ምን አደረጉ? ጋሼ፣ ምን አደረጉ?"

"ምን ሆነ?"

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያን ጠዋት የተናገርኩትን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"አንተ! አንተ ወልዋይ! የአሥራ አራት ወር ሥራዬን በጨርቅ ጠረግኸው!"

በአባቴ ዕድሜ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸውን ሰው "አንተ" አልኳቸው። ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ እንግዳ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ።

"አላወቅሁም" አሉ።

"መቼ ታውቃለህ! ጨርቅህን እንጂ!"

ደረጃውን ወርደው ሄዱ።

ንዴቴ ሳይበርድ ተቀምጬ አንድ ገጽ ደብዳቤ ለዳይሬክተሩ ጻፍኩ። ግለሰቡ በግዴለሽነት ያደረሱት ጉዳት እንዲህ እንዲህ ነው፤ ከእንግዲህ ናሙና እንዳይነኩ፣ ወደ መጋዘን እንዲዛወሩ አልኩ። ጽሑፌ ያምር ነበር፤ ንዴት ጥሩ ጸሐፊ ነው። ዳይሬክተሩ አንብበው ተነፈሱ።

"ሐሙስን እንለፈው። ካለፍነው እሳቸው መጋዘን ይወርዳሉ። ካላለፍነው ሁላችንም እንወርዳለን።"

ቀሪው ጊዜ ሁለት ቀን ነበር። የእሳቸው እጅ የነካውን አልነካም ብዬ ከቀረችኝ ቅይጥ አራት አዲስ ዲስክ አስቆረጥኩ። ልወለውል ተቀመጥኩ። ልብ በሉ፤ በብረት ገጽታ ላይ ዶክትሬት አለኝ፤ አንዲት ብረት ግን በእጄ ወልውዬ አላውቅም። ቢሆንም አሠራሩን የጻፍነው እኛ ነን። በእያንዳንዱ ወረቀት አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ጨርቅ ይላል። አምስት አምስት ደቂቃ ፈተግሁ፤ ጨርቅ ላይ አዞርኩ። ፊቴን አየሁበት። "እንዲህ ቀላል ነው እንዴ!" አልኩ። በአሲዱ አሳልፌ፣ ምድጃ ውስጥ አስተኝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ዲስኮቹን ይዤ ማይክሮስኮፕ ክፍል ገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ ዓይናማዋ የምንላት ባልደረባችን ናት። በዚያ በትልቁ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ስለተቀመጠች ሰውንም እንደ ናሙና አጉልታ ነው የምታየው። ዲስኬን አስገብታ ስክሪኑን አየችና ወንበሯን ገፋ አደረገች።

"ምንድን ነው ይሄ? ብል የበላው ምንጣፍ?"

እውነቷን ነበር። እዚህ ጋ ቱቦ በቅሏል፤ እዚያ ጋ ራቁቱን ነው። በመሐል እንደ ማረሻ ትልም የረዘሙ ጭረቶች ተዘርግተዋል፤ በትልሙ ላይ ምንም አልበቀለም።

"ማን ነው የወለወለው?"

"እኔ።"

"ያስታውቃል።"

ሌሎቹንም ሦስቱን አየን። አንዱ ከአንዱ ይብሳል። ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

"ስድስት መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦልህ አዲስ ትወለውላለህ?" አለች። "ኩራት ነው ወይስ ሳይንስ?"

"ሥራዬን እኮ ነው ያጠፉብኝ!"

"አንተ ሰውዬ፣ የዚያ ሥራ ግማሹ የማን ነበር?" ዲስኩን ከማይክሮስኮፑ አወጣችው። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ማይክሮስኮፕ ሲወለውሉ አንድ ቀን እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ አሳይታችኋቸዋል? ያላዩትን ነገር እንዴት ይጠብቁልህ?"

"አንቺስ አሳይተሻቸዋል?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። "እኔም አላሳየሁም" አለች።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ጋሽ መስታወት ጨርቆቻቸውን በካርቶን ውስጥ እየደረደሩ ነበር፤ ሻካራውን ከሥር፣ ለስላሳውን ከላይ። ቀና ብለው አላዩኝም።

"ደብዳቤህን ዳይሬክተሩ አነበቡልኝ" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

"ጋሼ..."

"እውነት ነው የጻፍከው። ውሸት የለበትም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ 'በግዴለሽነት' ብለሃል።" አንዲት ጨርቅ አነሱና መልሰው አስቀመጧት። "እሱ አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ ነው የፈጀብኝ።"

የፍልስፍና መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ስለ ጥፋትና ስለ ሐሳብ ልዩነት የተጻፈ ብዙ ነገር አውቃለሁ። እሳቸው ያሏትን ያህል አጥርቶ የነገረኝ ግን አላገኘሁም። ሰውን የበደልኩት በውሸት አልነበረም። እውነቱን ሁሉ ጽፌ፣ በመሐሉ አንዲት ቃል ጨምሬ ነው።

"ይቅር ይበሉኝ። 'አንተ'ም ብዬዎታለሁ።"

"ባለቤቴም ስትናደድ 'አንተ' ትለኛለች። ለምጄዋለሁ።" አንዲት ጨርቅ አጣጥፈው "የሷ ግን በድስት ነው" አሉ።

ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ያዝኩት። ስድስቱን ዲስኮች እንደገና በአሲድ ልናሳልፋቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"የት አሉ? ሳላያቸው እንዳትከታቸው።"

ትሪውን አመጣሁላቸው። አንድ በአንድ አነሱ። አንደኛዋን አሳለፉ፤ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። አራተኛዋ ላይ ቆሙ።

"ይህቺ ገና ናት።"

"ጋሼ! ነገ እኮ ነው! በስምንት ሰዓት አሲድ ውስጥ ካልገባች..."

"ቸኩለህ የወለወልካቸው የት ደረሱ?"

ጨርቃቸውን ከካርቶኑ አወጡ፤ መንኮራኩሩን አስነሱ። ሰዓቴን እያየሁ፣ እሳቸው ሰዓት የሚባል ነገር እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ለሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ዲስኳን ሲይዙ በሦስት ጣት ነው፤ የመሐል ጣታቸው ትመራለች። በየጊዜው ሩብ ዙር ያዞሯታል። ጆሯቸውን ወደ ጨርቁ ዘንበል ያደርጋሉ። ይህን ሁሉ ለአሥራ አራት ወር በሩ ላይ ቆሜ ጠብቄ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችንም ማይክሮስኮፕ ክፍል ነበርን። ዓይናማዋ ወንበሯን ለጋሽ መስታወት ለቀቀች። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ፣ የሚያቆሽሹት መስሏቸው ነው መሰል፣ ጫፉ ላይ ብቻ ነበር ያረፉት። ከምድጃ የወጣው ዲስክ አመድ ለብሷል። እሷ ቀስ እያለች አጎላችው።

"ይህ የእርስዎ ብረት ነው... አሁን ቀረብን... አሁን አንድ ጸጉር ቢገባ ስክሪኑን ሞልቶ ይተርፍ ነበር... ይኸው።"

ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ አንዲት ክፍተት፣ እንደ ማር እንጀራ ዓይን ጎን ለጎን የቆሙ ቱቦዎች። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዲስኮች ላይ እንኳ እንዲህ እኩል በቅለው አላየሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ለእንግዳ ተብሎ የተወለወለ ፊት ላይ ነበር የበቀሉት።

ጋሽ መስታወት ለረጅም ጊዜ አዩ።

"ይህን ነው የጠረግሁት?"

"አዎ ጋሼ።"

"ስድስቱንም?"

"ስድስቱንም።"

"ታዲያ ደብዳቤ ብቻ ነው የጻፍክብኝ?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ግንባራቸው ተቋጠረ። "ቆይ ግን... የዚህን ሁሉ ጉድጓድ ውስጡን ማን ሊወለውልላችሁ ነው?"

ዓይናማዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሲዞርብኝ ኮሪደር ወጥቼ ትንሽ ቆየሁ።

በአራት ሰዓት ገምጋሚዎቹ መጡ። ውሃ ጠብ አደረግሁ፤ ጠብታዋ ተዘረጋች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። ከገምጋሚዎቹ መሐል ቀጭኗ ሴትዮ፣ እስከዚያ ቃል ያልተነፈሱት፣ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌላ ሰው በጻፋችሁት መሠረት ቢሠራው ይሆንለታል?"

ከተበላሹት ዲስኮቼ አንዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከእኔና ከዓይናማዋ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። "አዎ" ብል ያልፋል። "አዎ" ብል ደግሞ ጋሽ መስታወት ከሰዓት በኋላ መጋዘን ይወርዳሉ፤ የሚያስፈልጉ ሰው አይደሉማ። ዲስኩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ ጠብ አደረግሁበት። የጠብታዋ ግማሽ ተዘረጋ፤ ግማሹ ጎብጦ ቆመ።

"ይህንን በጻፍነው መሠረት የወለወልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "እነዚያን የወለወሉት ምድር ቤት ያሉ ሰው ናቸው። የጻፍነው ጎዶሎ ነው። የሳቸው እጅ አልተጻፈበትም።"

ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እንግዲያው" አሉ ሴትዮዋ፣ "ያገኛችሁት ቅይጥ ሳይሆን ሰው ነው።" ከሁለቱ ጋር ተንሾካሹከው ፍርዳቸውን ሰጡ። ሥራው ለአንድ ዓመት ይቀጥላል፤ ግን የሰውየው እጅ የሚሠራው ሁሉ፣ ከጣት እስከ ጆሮ፣ ይጻፍ።

መጋዘኑ ቀረ። እኔ ደግሞ ስምንት ወር ደብተር ይዤ ከጋሽ መስታወት ጎን ተቀመጥኩ። ጨርቁ ሲያፏጭ እንደማይቸኮል፣ ሲያንሾካሽክ እጅ እንደሚቀል፣ ዲስኩ መቼ ሩብ ዙር እንደሚዞር ጻፍኩ። ያንን ስምንት ወር ዛሬም እናፍቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሌላ ነው፤ ከአንድ ሰው ጎን ዝም ብሎ መቀመጥን የተማርኩት እዚያ ነው። ሪፖርቱ ሲወጣ ስለ ውልወላ አራት ገጽ ነበረው። ሌሎች ሠሩበት፤ ሆነላቸው። በአራቱ ገጽ ውስጥ ግን ደቂቃ አለ፣ ዙር አለ፣ የጣት ጫና አለ፤ ሰው የለም። የሳይንስ ጽሑፍ ወጉ እንዲህ ነው፤ ሥራውን ይነግራል፣ ሠሪውን ይውጣል።

ከአራት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ። በመጨረሻው ቀን ቢሮዬ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"አንድ ነገር ልለምንህ።"

"ይዘዙኝ ጋሼ።"

"ያቺን ደብዳቤ ከፋይል አውጣልኝ።"

"የቷን?"

"የክሱን።"

"ድሮ መቀደድ ነበረባት። አሁኑኑ አውጥቼ..."

"እንዳትቀድዳት!" አሉ፤ ሲቆጡ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው። "ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ስለ ሥራዬ ሰው የጻፈው እሷን ብቻ ነው። ስሜ አለባት፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። ምን እንዳደረግሁ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ዲስክ ላይ፣ ሁሉም አለ። ለልጆቼ ላሳያቸው።"

ወርጄ ከመዝገብ ቤት አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡና አንዲት ቦታ ላይ በጣታቸው ጠቆሙ። ብዕሬን አወጣሁ። "በግዴለሽነት" የሚለውን ሰረዝኩ፤ ከጎኑም ፈረምኩ። ከላዩ ላይ "በፍቅር" ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ አፈርኩና ተውኩት።

እሳቸው ካረፉ ዓመታት አለፉ። እኔም አርጅቻለሁ፤ ያኔ ያፈርኩበት ነገር ዛሬ አያሳፍረኝም። ስለ ጋሽ መስታወት የጻፍኩት የመጀመሪያው ገጽ ክስ ነበር፤ ልጆቻቸው ቤት ይገኛል። ሁለተኛውም ይኸውና፤ ከእሱ ጎን ይቀመጥልኝ።